ሲፓፕ ሲደረግ አፍንጫ እየታፈነ ካስቸገረ፦ ፊልተር ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን እዩ

አባባ የሚኖሩት ደብረ ማርቆስ ነው፣ ስሊፕ አፕኒያ (ሲተኙ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚልበት ህመም) አለባቸው፣ የሲፓፕ ማሽኑን፣ ማለትም ሌሊት በማስክ በኩል አየር በግፊት የሚነፋላቸውን፣ ውጭ ያለችው እህቴ ነች የላከችላቸው። በዚያ ላይ አለርጂ አለባቸው፣ አቧራውም ጭሱም የአበባ ብናኙም ያስነጥሳቸዋል። አምና ታህሳስ ላይ ማስኩን አውልቀው አልጋው ላይ አስቀመጡና "ልጄ፣ የሚያፍነኝ ይሄው ነው፣ ሳላደርገው ብተኛ ይሻለኛል" አሉኝ። በጣም ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ያለ ማሽን ሲተኙ ትንፋሻቸው ቁርጥ ሲል ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እና ወዲያው እህቴ ጋ ደውዬ ለአለርጂ የሚሆነውን ውዱን ፊልተር ላኪ አልኳት፣ መጣ፣ ቀየርነው፣ ግማሹ ችግር ተፈታ ግማሹ ግን እንዳለ ቀረ። የቀረው ግማሽ ከፊልተሩ ጋር ምንም አይገናኝም ነበር፣ ይሄን ለማወቅ ደግሞ ሁለት ወር ፈጀብኝ፣ እናንተም ሁለት ወር እንዳትለፉ ነው ይሄን የምጽፈው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ፊልተር የሚያጣራው ከክፍሉ ወደ ማሽኑ የሚገባውን አየር ብቻ ነው። ከፊልተሩ በኋላ ያለውን፣ ማለትም አየሩን የሚያረጥበውን ውሃ መያዣ፣ ቱቦውን፣ ማስኩን አያጣራም። ትራሳችሁንማ ጨርሶ አያውቀውም። ስለዚህ የሚያስነጥሳችሁ ነገር ከፊልተሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን መጀመሪያ መለየት አለባችሁ።

የክፍሉ አየር ለምን ይሄን ያህል ወሳኝ ሆነ ካላችሁ፣ ማሽኑ በቃ አየር እየሳበ የሚነፋ ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውስትራሊያ ውስጥ ዶክተር ኮሊን ሱሊቫን መጀመሪያ ሲሰራው የተጠቀመው የቫክዩም ክሊነር ሞተር ነበር። ግፊቱ በማሽኑ መለኪያ 10 ላይ ከሆነ በማስኩ ቀዳዳ ብቻ በደቂቃ 30 ሊትር አካባቢ አየር ይወጣል፣ እንደ ማስኩ አይነት ትንሽ ይለያያል እንጂ። ስምንት ሰዓት ስትተኙ ከ14 ሺህ ሊትር በላይ የክፍላችሁ አየር በዚያች ክብሪት ቀፎ በምታክል ፊልተር አለፈ ማለት ነው።

ማስኩን ባደረጋችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ማስነጠስ፣ አይን ማሳከክ

ይሄ ብዙ ጊዜ ከፊልተሩ በኋላ ያለ ችግር ነው። ማስኩን በምን አጠባችሁት? እኔ በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ነበር የማጥበው፣ ሽታው ሲሊኮኑ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ አባባ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ሲተነፍሱ ነው የሚያድሩት። በረኪና፣ አልኮል፣ ሽቶ ያለው ሳሙና ሁሉም አይሆንም። ለብ ያለ ውሃና ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ጥላ ቦታ ማድረቅ። ማስኩን በየቀኑ፣ ቱቦውን በሳምንት አንዴ። ቀን ቀን ማስኩን ራቁቱን አትተዉት፣ አቧራው ውስጡ ያርፍና ማታ ስታበሩት የመጀመሪያው ንፋስ አፍንጫችሁ ውስጥ ይሞጅረዋል። ንጹህ ነጠላ ጣል ማድረግ በቂ ነው።

ፊት ላይ ማስኩ የነካውን ቦታ ተከትሎ ቀይ መስመር ወይ ሽፍታ ከወጣ ግን ፊልተርን እርሱት፣ ወይ ማጠቢያው ነው፣ ወይ በጣም ጠብቋል፣ ወይ ቆዳችሁ እቃውን አልተቀበለውም።

ኦዞን የሚባል ጋዝ የሚለቁ የሲፓፕ ማጽጃ ሳጥኖችን ውጭ ያሉ ዘመዶች በደግነት ይልካሉ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለነዚህ ነገሮች አስጠንቅቋል፣ ኦዞን ሳንባን ያስቆጣል፣ አለርጂና አስም ላለበት ሰው ደግሞ የባሰ ነው። አትጠቀሙ።

ፊልተሩ ቡናማ ወይም አመድማ ከሆነ

እዚህ ላይ ነው የእኛ ታሪክ። ያን ታህሳስ ማለዳ የማሽኑን ክዳን ከፍቼ ፊልተሩን አወጣሁና መስኮት ጋ ወስጄ አየሁት። ነጭ የነበረው የጤፍ እንጀራ መስሏል፣ ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ ብዬ ሳራግፈው ደቃቅ አፈርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ወርቃማ እብቅ ረገፈ። እብቁ ከየት መጣ ብዬ መስኮቱን ብከፍት ከእናርጅ የመጣው ጤፍ በረንዳው ላይ ሲነፋ ከርሟል፣ ለላሟ የመጣው ጭድ ደግሞ ልክ ከአባባ መስኮት ስር ተከምሯል። ማሽኑ የቆመው መስኮቱ ጋ ወለል ላይ ነበር። ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ያደረግነው፦ ጭዱን ወደ ጓሮ አዛወርን፣ ማሽኑን ከወለል አንስተን ኮመዲኖ ላይ አደረግነው፣ ግን ከጭንቅላታቸው ከፍ እንዳይል አድርገን፣ ምክንያቱም ከፍ ካለ ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ወደ ማስኩ ይወርዳል። መጋረጃው አየር መሳቢያውን እንዳይሸፍን አራቅነው። ቤቱን ደረቁን መጥረግ ተውን፣ ውሃ ረጨት ወይ በእርጥብ ጨርቅ ነው፣ ያውም ጠዋት እንጂ ማታ አይደለም። ከውቂያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ፊልተሩን በየሳምንቱ እናያለን። አውድማ አካባቢ የምትኖሩ፣ ቢቸና ደጀን ሞጣ ያላችሁ፣ ይሄ ወቅት የእናንተ ክፉ ጊዜ ነው፣ ትርፍ ፊልተር ከህዳር በፊት አስመጡ።

ቢጫ ብናኝ ካያችሁ ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ነው፣ አደይ አበባውም ኑጉም ሜዳውን የሞላበት ጊዜ። የአበባ ብናኝ ትልቅ ነው፣ አብዛኛው ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) በላይ ስለሆነ ተራው ፊልተርም ይይዘዋል። ቁም ነገሩ ብናኙ በጋቢያችሁና በፀጉራችሁ አልጋ ድረስ መግባቱ ላይ ነው፣ ውጭ ስትውሉ የለበሳችሁትን ልብስ መኝታ ክፍል አታስገቡ።

ፊልተሩ በሳምንት ውስጥ ከጠቆረ

ጭስ ነው። ከሰል፣ ኩበት፣ የባህር ዛፍ ቅጠል፣ መብራት ሲጠፋ ኩራዝ። የጭስ ብናኝ በጣም ደቃቅ ነው፣ አብዛኛው ከ1 ማይክሮን በታች፣ ስፖንጅ ፊልተር ያሳልፈዋል፣ ደቃቁ ፊልተር የተወሰነውን ይይዛል፣ ሽታውንና ጋዙን ግን የትኛውም ተራ የሲፓፕ ፊልተር አይዝም። ስለዚህ ጭስ ላይ ፊልተር መቀያየር ገንዘብ መጨረስ ነው፣ መፍትሄው ጭሱን ከመኝታ ክፍሉ ማስወጣት ነው። እማማ ቡና የሚያፈሉት አባባ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ነበር፣ እጣኑ ጋቢው ውስጥ ሁሉ ገብቶ ያድራል፣ ቡናውን ወደ ሳሎን ማዛወር ትንሽ ከበዳቸው ግን እሺ አሉ፣ ለውጡም በሳምንት ታየ። ከሰል ደግሞ በዝግ ክፍል ውስጥ ከነፍሙ ማሳደር የሚገድል ነገር ነው፣ ሲፓፕ ከዚያ አያድንም።

ፊልተሩ ላይ ሳይሆን ቱቦው ወይ ማስኩ ውስጥ ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁ ሌላ ጉዳይ ነው። የሲፓፕ አምራቹ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2021 በብዙ ማሽኖቹ ውስጥ ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየፈረሰ ስለሚበን መልሶ እንደሚሰበስባቸው አስታውቋል፣ ድሪምስቴሽን የሚባለው ማሽን የመጀመሪያው ሞዴል አንዱ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው አብዛኛው ያገለገለ ማሽን ስለሆነ ከስሩ ያለውን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር ላኪው ዘመድ ኢንተርኔት ላይ ያጣራላችሁ፣ ለሐኪማችሁም ንገሩ፣ ዝም ብላችሁ ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አፍንጫ ድፍን፣ ግን ማሳከክም ማስነጠስም የለም

ይሄኛው የቀረው ግማሽ የአባባ ችግር ነበር። አለርጂ መስሎን ነበር፣ ግን ድርቀት ነው። የበጋው የደጋ አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፣ ያ አየር በግፊት ሌሊቱን ሙሉ ሲነፋ አፍንጫ ውስጡ ያብጣል፣ ንጹህ ውሃ የመሰለ ፈሳሽም ያወጣል። በአፍ አየር የሚያመልጥ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፣ ጠዋት አፋችሁ ክው ብሎ ደርቆ ከነቃችሁ እሱ ነው። መፍትሄው የውሃ መያዣውን ሙቀት አንድ አንድ ደረጃ እየጨመሩ ማየት፣ ከመኝታ በፊት አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ፣ ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። አባባ ከ3 ወደ 5 ሲያደርጉት በሁለተኛው ሌሊት ሳይነሱ አደሩ።

ፋርማሲ የሚሸጠውን አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ ከጥቂት ቀን በላይ አትጠቀሙ፣ ስታቆሙት የባሰ ያፍናል። በየቀኑ የሚደረግ የአለርጂ ስፕሬይ ሌላ ነው፣ እሱን ሐኪም ይዘዝላችሁ።

ሻጋታ ሻጋታ ከሸተተ

ክረምት ነው፣ ውሃው ነው። በየቀኑ ድፉት፣ እጠቡት፣ ክፍት አድርጋችሁ አድርቁት። የሚመከረው ዲስትልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ነው፣ ካጣችሁ አፍልታችሁ ያቀዘቀዛችሁት ለጊዜው ይሆናል፣ ግን ማፍላት ተህዋሱን እንጂ ጨዉን አያጠፋም፣ ታች ነጭ ቅርፊት ይሰራል፣ እሱን በኮምጣጤና ውሃ ዘፍዝፋችሁ አለቅልቁት። የባትሪ ውሃ ግን በምንም አይነት! አንድ ሰው "እሱም ዲስትልድ ነው" ብሎ መክሮኝ ነበር፣ ለመተንፈሻ ተብሎ አልተዘጋጀም፣ አሲድ የነካው እቃ ውስጥ ተቀድቶ ሊሆንም ይችላል።

እና የትኛውን ፊልተር?

ሁለት አይነት ነው። አንዱ የሚታጠበው ስፖንጅ ነው፣ ትልልቁን አቧራና ፀጉር ይይዛል፣ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት፣ እርጥቡን ከከተታችሁት አየር አያሳልፍም፣ ማሽኑም ይጮሃል። ሌላው ነጩ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊው ደቃቅ ፊልተር ነው፣ ይሄ አይታጠብም። እኔ አንዴ አጥቤው ቃጫው ተበጣጥሷል፣ በአፍ መንፋትም ያው ነው። ድሪምስቴሽን ላይ ሁለቱ አብረው ይገባሉ፣ ደቃቁ በ30 ሌሊት ይቀየራል። ሬስሜድ የሚባለው ኩባንያ ማሽን ኤርሴንስ 10 ላይ አንድ ብቻ ነው የሚገባው፣ ወይ ተራው ወይ ሃይፖአለርጀኒኩ (ለአለርጂ ተብሎ የተሰራው)፣ መመሪያው ቢያንስ በ6 ወር ቀይሩ ይላል፣ ለእኛ አቧራ ግን 6 ወር አይታሰብም፣ ቀለሙን አይታችሁ ቀይሩ። አለርጂ ካለባችሁ ደቃቁን ወይም ሃይፖአለርጀኒኩን ውሰዱ፣ በዚህ አልከራከርም።

ፊልተር ሲጠፋ ጥጥ መጠቅጠቅ፣ የፊት ማስክ ቆርጦ ማስገባት፣ ሁለት መደራረብ ይቅር፣ አየሩ ይደክማል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቃጫው ወደ ሳንባ ይሄዳል። ያለ ፊልተር ማብራትም አይሆንም። ከቱቦው በፊት የሚገባው ክቡ የባክቴሪያ ፊልተር ደግሞ ለዚህ አይደለም፣ ግፊቱን ስለሚቀንስ ያለ ባለሙያ አትግጠሙት።

ሲተነፍሱ ደረት ማፏጨት፣ ትኩሳት፣ አረንጓዴ ንፍጥ ከፊት ህመም ጋር፣ ወይም ነስር ከተደጋገመ ሐኪም ጋ ሂዱ።

እኔ ደብረ ማርቆስ የዞርኩባቸው ፋርማሲዎች ፊልተር አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ስታዙ የማሽኑን የታች ጽሑፍ ፎቶ አንሱና ላኩ፣ የድሮውን ፊልተር ደግሞ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱት። ደርዘኑ አንድ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ክብደት የለውም፣ ማንም እሺ ብሎ ይይዝላችኋል።