በማይክሮ አር ኤን ኤ ጥናት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ማይክሮ አር ኤን ኤዎች የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠሩ አጫጭር የአር ኤን ኤ ሞለኪውሎች ናቸው፤ ብዙዎቹም «ሚር» በሚል ቃልና በቁጥር ይጠራሉ። በጥናታቸው ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰው፣ ቀይ የደም ሴሎች የፈረሱበትን ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ለክቶ «የበሽታ ምልክት አገኘሁ» ማለት ነው። ሚር-16 እና ሚር-451 በቀይ የደም ሴል ውስጥ በብዛት ስለሚገኙ፣ ደሙ በኃይል ሲሳብ ወይም ቱቦው ሲናጥ ሴሎቹ ይፈነዱና ይዘታቸው ወደ ፕላዝማው ይፈስሳል፤ ስለዚህ በሕሙማንና በጤነኞች መካከል የታየው ልዩነት የደም ቀጂዎቹ እጅ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ ሚር-16ን ራሱን የሌሎቹ መጠን የሚመዘንበት ማነጻጸሪያ የሚያደርጉ አሉ፤ ሚዛኑ ራሱ ካበለ ምን ይመዘንበታል? እኔም በጀማሪነቴ ሚር-451 በሕሙማኑ ደም ከፍ ብሎ ሳገኝ ለሳምንታት ስፈነድቅ ቆይቼ፣ ቱቦዎቹን መልሼ ወደ ብርሃን ሳነሣቸው የሕሙማኑ ፕላዝማ ወደ ሮዝ ያደላ ሆኖ አገኘሁት። መፍረሱ ሁልጊዜ በዓይን ስለማይለይ፣ አር ኤን ኤው ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱ ናሙና የብርሃን ምጠት በ414 ናኖሜትር ይለካ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን ያለበት ቱቦ ፒሲአርን (ሞለኪውሉን አባዝቶ የሚለካውን ዘዴ) ስለሚያውክ፣ እንደ ሄፓሪን የደም መርጋትን በሚከለክለው በኢዲቲኤ ቱቦ ይተካ።

አንድ ማይክሮ አር ኤን ኤ የትኛውን ጂን እንደሚቆጣጠር የሚናገር የኮምፒውተር ትንበያ ማስረጃ አይደለም። ከማይክሮ አር ኤን ኤው 2ኛ እስከ 8ኛ ኑክሊዮታይድ (የአር ኤን ኤ «ፊደል») ያለው «ዘር» የሚባለው ክፍል በአጋጣሚ የሚገጥምባቸው መልእክተኛ አር ኤን ኤዎች (የጂንን መመሪያ ለፕሮቲን ሥራ የሚያደርሱ) ብዙ ናቸው፤ በመልእክተኛው ላይ ያለው የመጣበቂያ ቦታ ሲለወጥ ቁጥጥሩ መቅረቱን ማሳየት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1993 የተመራማሪዎቹ የአምብሮስና የሩቭኩን ቤተ ሙከራዎች አሠራሩን የገለጡት ሊን-4 የተባለ የትል ማይክሮ አር ኤን ኤ ሲጠፋ የትሉ እድገት በግልጽ ስለሚዛባ፣ ጀማሪዎች ከማንኛውም ማይክሮ አር ኤን ኤ ይህንኑ ይጠብቃሉ፤ አንዱን አጥፍተው እንስሳው በደህና ሲያድግ «ሥራ የለውም» ብለው ይደመድማሉ። አልፈርድባቸውም፤ ሆኖም ተመሳሳይ ዘር ያላቸው የአንድ ቤተሰብ አባላት ብዙ ጊዜ የጎደለውን ይሸፍናሉ። ሽፋኑ በሌለበት ግን ጉዳቱ ይታያል፦ በሰው ላይ በሚር-96 ዘር ውስጥ የአንድ ፊደል ለውጥ እየባሰ የሚሄድ የመስማት ችግር ያመጣል፤ ሚር-17-92 የተባለው የማይክሮ አር ኤን ኤዎች ስብስብ አንድ ቅጂ መጥፋትም የጭንቅላት ማነስ፣ የቁመት ማጠርና የጣት አጥንቶች ጉድለት ያስከትላል።

«ጎጂ» እና «ጠቃሚ» ብሎ መፈረጅም ያሳስታል፤ ሚር-122 ለጉበት ጤና አስፈላጊ ሆኖ ሳለ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስም ለመራባት ይጠቀምበታል።

በመጨረሻም፣ ከአንድ ቀዳሚ ሞለኪውል የሚወጡት 5ፒ እና 3ፒ ክሮች ዘራቸው ስለሚለያይ ዒላማቸውም የተለያየ ነው፤ 5ፒ ወይም 3ፒ መሆኑን ሳይጠቅሱ የቤተ ሙከራ ዕቃ ማዘዣ አይጻፉ።