ትልቅ ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ሲበላሽ፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ኮፒ ቤት ጎራ ካላችሁ አሳይመንት የሚያስተይብ ተማሪ አታጡም። የ12345678987654321ን ባህሪያት አውጡ ተብላችኋል እንበል። ቁጥሩ 17 አሃዝ አለው። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

ምልክት፦ ኤክሴል ላይ ጻፍኩት፣ መጨረሻው ዜሮ ሆነ።

መጀመሪያ ቁጥሩን በነጥብ አሳጥሮ ያሳያችኋል። እሱ እንኳ አይጎዳም፣ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። ሴሉን ስትነኩት ግን 12345678987654300 ይላል። 21ዱ የት ገባ?

ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ነው። የተረፈውን ሳይጠይቅ በዜሮ ይተካዋል። ባለ 16 አሃዝ የባንክ ካርድ ቁጥር የጻፈ ሰው ይቺን ያውቃታል።

መፍትሄው ከመጻፋችሁ በፊት ሴሉን ቴክስት ማድረግ ነው። ወይ ከቁጥሩ ፊት ነጠላ ጥቅስ አስቀምጡ። ከተበላሸ በኋላ ቴክስት ብታደርጉት ዋጋ የለውም፣ እንደገና መጻፍ ነው።

መበላሸቱን ለማጣራት አሃዞቹን ደምሩ። የትክክለኛው ድምር 81 ነው፣ ስለዚህ ለ9 ይካፈላል። የተበላሸው 78 ይሰጣል፤ ለ3 እንጂ ለ9 አይካፈልም። ጎዶሎ የነበረው ቁጥር ጭራሽ ለ100 የሚካፈል ሆኗል! ይሄን ይዞ ባህሪ መተንተን ከንቱ ድካም ነው።

ምልክት፦ ለ11 አካፈልኩት፣ ቀሪ አለው የለውም አላወቅኩም።

10 አሃዝ የሚያሳይ ካልኩሌተር 1.122334453 ሲባዛ በ10 ኃይል 15 ብሎ ያቆማል። ቀሪው ከዚያ በኋላ ነው ያለው፣ አይታይም። ካልኩሌተሩን ተዉትና አሃዞቹን አንዱን እየደመራችሁ ቀጣዩን ቀንሱ፦ 1 ሲቀነስ 2፣ ሲደመር 3፣ ሲቀነስ 4 እያላችሁ እስከ መጨረሻው። 1 ይመጣል። ቀሪው 1 ነው ማለት ነው፣ ለ11 አይካፈልም።

ምልክት፦ ፋክተሮቹን ፍለጋ ሌሊቱ ነጋብኝ።

ለዚህ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ቁጥሩን አያችሁት? ከ1 እስከ 9 ወጥቶ መልሶ ይወርዳል። ዘጠኝ አንዶች፣ ማለትም 111111111፣ በራሱ ሲባዛ የሚመጣው ይኸው ነው። ስለዚህ ትንሹን ብቻ በትኑት፦ 9 ሲባዛ በ37 ሲባዛ በ333667። የመጨረሻው፣ 333667፣ ፕራይም ነው፤ ማለትም ለ1 እና ለራሱ ብቻ ነው የሚካፈለው። ላረጋግጥ ካላችሁ እስከ 577 ባሉት ፕራይሞች ብቻ ሞክሩ፤ 578 በራሱ ሲባዛ ከ333667 ይበልጣል። ከዚያ ወዲያ መሄድ ትርፉ ድካም ነው። ሲጠቃለል ትልቁ ቁጥር አራት 3፣ ሁለት 37 እና ሁለት 333667 አለው።

ምልክት፦ የአካፋዮቹ ብዛት 45 መጣልኝ፣ ጎዶሎ ይሆናል እንዴ?

ይሆናል። በእያንዳንዱ ፕራይም ብዛት (4፣ 2፣ 2) ላይ 1 ደምራችሁ ስታባዙ 5 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ3 ነው፣ ልክ ናችሁ። አካፋዮች ሁሌ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ እዚህ ግን 111111111 ጥንዱ ራሱ ስለሆነ አንዴ ብቻ ይቆጠራል።