ቡጢ ሲሰነዘርባችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ አትሽሹ

ራስን መከላከል የሚማር ብዙ ሰው መመከትንና ማጥቃትን ለሁለት ከፍሎ ይለማመዳል። መጀመሪያ ይመክታል፣ ከዚያ ለመምታት ያስባል። እስኪያስብ ድረስ ግን ሁለተኛው ቡጢ ፊቱ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ እርምጃ አገናኙ።

ነገሩ ከመጋጋሉ በፊት እጆቻችሁን አገጭ ድረስ አንሱ፤ መዳፍ ተከፍቶ ወደ ሰውየው፣ ክርን ወደ ጎድን ተጠግቶ። ለተመልካች «ተው፣ ጠብ አልፈልግም» የሚል ሰው ትመስላላችሁ፤ ለእናንተ ግን አጥር ነው። አገጫችሁንም ዝቅ አድርጉ።

ቀጥ ያለ ቡጢ ሲመጣ በመዳፋችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ጎን ገፋ አድርጉት። እጁን በእጃችሁ እየተከተላችሁ ከሄዳችሁ ፊታችሁ ይራቆታል፤ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። በዚያው ቅጽበት 45 ዲግሪ ያህል በሰያፍ፣ ወደ ክንዱ ውጫዊ ጎን ተራመዱ። እዚያ ስትደርሱ ሌላኛው እጁ በቀላሉ አያገኛችሁም። ቀጥታ ወደ ኋላ ብትሄዱ ግን እሱ ወደ ፊት ሲመጣ ይፈጥናችኋል፣ ተረከዛችሁም ይደናቀፋል።

መምታት ግድ ከሆነ ያው እርምጃ ሳያልቅ በመዳፍ ግርጌ ምቱ። ባዶ ቡጢ የራስ ቅል ላይ ሲያርፍ የትንሿ ጣት አጥንት ከመዳፍ ውስጥ በቀላሉ ይሰበራል። ከዚያ ቆማችሁ አትዩ፤ ከቦታው ውጡ።

ከጎን ዞሮ ለሚመጣ ቡጢ ይህ መግፋት አይሠራም፤ ክንዳችሁን አጥፋችሁ ጆሯችሁን ሸፍኑ።

ከጓደኛ ጋር በዝግታ፣ በየጎኑ 20 ጊዜ ተለማመዱት፤ ፍጥነት የሚጨመረው እግርና እጅ አብረው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ነው። ቢላዋ ካያችሁ ይህን ሁሉ ትታችሁ ሩጡ።