መጀመሪያ ዲሌይ ጫኑ፣ ሪቨርቡ ይደርሳል

እንደ ቤሪንገር ኤክስ32 ባለ ዲጂታል ሚክሰር ላይ ኢፌክት መማር የጀመራችሁ፣ በሪቨርብ (ድምፁ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ በሚያስመስለው ኢፌክት) አትጀምሩ። ከድምፁ ጋር ስለሚዋሃድ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አይለይም። ዲሌይ፣ ማለትም ድምፁን አዘግይቶ እንደ ማሚቶ የሚመልሰውን ኢፌክት፣ ጫኑ። ጊዜውን 500 ሚሊሰከንድ፣ ሚክሱን (ከዋናው ድምፅ አንጻር የኢፌክቱን መጠን የሚወስነውን) 100 አድርጉት። አንድ ማይክ ብቻ ክፈቱና «ታ!» በሉ። ተመልሶ ካልመጣ መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ሜትሩን (የድምፅ መጠን ማሳያውን) እያያችሁ ተከተሉት፦ ከማይኩ ቻናል ወደ ሚክስ ባስ 13 (ድምፅ ሰብስቦ ወደ ሌላ ቦታ የሚያደርስ መስመር)፣ ከዚያ ወደ ኢፌክት 1፣ ከዚያ በኢፌክት ሪተርን (ከኢፌክቱ የወጣው ድምፅ በሚመለስበት ቻናል) ወደ ዋናው ስፒከር። ከፋብሪካ ሲመጣ እንዲህ ነው የተዘጋጀው።

ሚክሱን 100 ያልኩት ደረቁ (ኢፌክት ያልነካው) ድምፅ በራሱ ቻናል ስለሚወጣ ነው። በኢንሰርት፣ ማለትም የቻናሉ ድምፅ ሁሉ በኢፌክቱ ውስጥ እንዲያልፍ አድርጋችሁ፣ ከሰካችሁት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ 100 ላይ የዘፋኙ ድምፅ ጠፍቶ ማሚቶው ብቻ ይቀራል። ከ5 እስከ 8 ያሉት የኢፌክት ቦታዎች ደግሞ ለኢንሰርት ብቻ ናቸው፤ ሪተርን ብትፈልጉላቸው አታገኙም።

አደራ፣ ሪተርኑን መልሳችሁ ወደዚያው ባስ 13 እንዳትልኩት። ድምፁ እየዞረ ራሱን ያባዛና ጆሮ ይበጥሳል። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ሲኑን (የሚክሰሩን አጠቃላይ ቅንብር) በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ፤ ከዚያ እንደልባችሁ ነካኩት።