በቱርክ ኤክስፕሬሽኒስቶች መንገድ ሰውን ሲስሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤክስፕሬሽኒዝም መልክንና ቀለምን አጋንኖ ወይም አጣምሞ ስሜትን የሚገልጽ የሥዕል ስልት ነው። ትልቁ ስህተት «ምስሉ የተጣመመ ስለሆነ ንድፍ ማወቅ አያስፈልግም» ማለት ነው። ነሼት ጉናልን (እ.ኤ.አ. 1923–2002) ይመልከቱ፤ ቱርክ ውስጥ ኔቭሼሂር ተወልዶ ፓሪስ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፈርናንድ ሌጄ ዘንድ የተማረ ሠዓሊ ነው። የአናቶሊያ (የቱርክ እስያዊ ክፍል) ገበሬዎቹ እጅና እግር ከልክ ያለፈ ግዙፍ ቢሆንም አንጓው፣ ጅማቱና የጣቱ መታጠፊያ በቦታቸው ናቸው። በተለመደው ልክ እጅ ከአገጭ እስከ ፀጉር መነሻ ይደርሳል። ይህን ሳያውቁ ያተለቁት እጅ ያበጠ ጓንት ይመስላል። በትክክለኛው ልክ ይንደፉና ሥራ የሚሠራውን፣ ክብደት የሚሸከመውን ክፍል ብቻ ያሳድጉ። ራስና ትከሻውም አብረው ካደጉ ሰውዬው ገዘፈ እንጂ አልተለወጠም።

ኤክስፕሬሽኒዝም ማለት የሚጮህ ቀይና ቢጫ የሚመስላቸውም አሉ። ጉናል ግን በአብዛኛው በአፈር ቀለማት ነው የሠራው፤ የገበሬው ቆዳና የደረቀው መሬት ይቀራረባሉ። ብርሃንና ጥላውን አስቀድመው በአንድ ቡናማ ቢለዩ ይሻላል፤ ደካማ ንድፍን ደማቅ ቀለም አያድነውም።

የቱርካዊውን ሠዓሊ የፊክሬት ሙአላን (1903–1967) የፓሪስ ቡና ቤቶች በወፍራም የዘይት ቀለም ለመቅዳት መሞከር ደግሞ ድካም ነው። እሱ በብዛት የሠራው ወረቀት ላይ በጉዋሽ (በውሃ በሚበጠበጥ፣ ሥሩን በሚሸፍን ቀለም) ነው፤ ፍጥነቱም ከዚያ ይመጣል። ጉዋሽ ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲነካው ይሟሟል፤ ብሩሹን ደጋግመው ካሻሹት የሥሩ ቀለም ተነሥቶ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛውን ንብብር ወፈር አድርገው በአንድ ምት ያሳርፉት። ሲደርቅ ፈዛዛው ጠቆር፣ ጥቁሩ ፈዘዝ ስለሚል በዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። ሙአላ የአእምሮ ሆስፒታል ገብቶ ስለነበር በየሥዕሉ ሥቃይ የሚፈልጉም ብዙ ናቸው፤ ሥዕሎቹን ደህና አድርጎ ላያቸው ግን የሚጠጣው፣ የሚያወራው፣ የሚደሰተው ሰው ይበዛል።

ሁሉን ከፓሪስ መምዘዝም ልክ አይደለም። ቱርካውያኑ ሠዓሊዎች አሊ አቭኒ ቼለቢና ዘኪ ኮጃመሚ በ1920ዎቹ ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ ሠዓሊና መምህር ሃንስ ሆፍማን ዘንድ ተምረዋል፤ ጠርዝና ጠፍጣፋ ገጽ ያለው የሰው አካላቸው ከዚያ ነው የመጣው።

የቱርክ ሥዕል እንዲመስል ብሎ ከኋላ መስጊድና ቦስፎረስን (የኢስታንቡልን የባሕር ወሽመጥ) መደርደር የጉብኝት ፖስትካርድ ያደርገዋል። የጉናል ተማሪ ነሼ ኤርዶክ የጀልባና የአውቶቡስ ተሳፋሪዎችን ስትሥል ሰዎቹን ወደ ተመልካቹ አስጠግታ ሸራውን ትሞላባቸዋለች። ከኋላ ቦታ ከተረፈዎት ሰውዬውን አሳንሰውታል ማለት ነውና ንድፉን እንደገና ይጀምሩ።