በጥቁር ጥላ ላይ ፈካ ያለ ቅጠል ለማውጣት አንድ ቱቦ ነጭ ጉዋሽ ይበቃል

በውሃ ቀለም የእንጦጦን ዳገት ጥላ ጠቆር አድርገው ከቀቡ በኋላ ብርማ ሰማያዊ የሆኑትን የለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠሎች በላዩ ማውጣት ያስቸግራል፤ ቀለሙ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ ፈካ ያለው በጥቁሩ ይዋጣልና። ለዚህ ሲባል ሙሉ የጉዋሽ (ብርሃን የማያሳልፍ፣ ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ዓይነት) ስብስብ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ቱቦ ነጭ ጉዋሽ ከያዙት የውሃ ቀለም ጋር ደባልቀው እርጎ እስኪመስል ካወፈሩት የሥሩን የሚሸፍን ቀለም ያገኛሉ። የሁለቱም ማያያዣ የግራር ሙጫ በመሆኑ በቀላሉ ይዋሐዳሉ፤ ይሁንና ይኸው ሙጫ ከደረቀም በኋላ በውሃ ስለሚሟሟ ብሩሹን አንድ ጊዜ አሳርፈው ያንሡት፤ መላልሰው ካሹት የሥሩ ጥላ ተነሥቶ ቅጠሉን ያጨቀየዋል። ፈካ ያለው ቅይጥ ሲደርቅ ጥቂት ስለሚጠቁር መጀመሪያውኑ ትንሽ አንጥተው ይበጥብጡት።

የታችኛው ቀለም መድረቁን በእጅዎ ጀርባ ወረቀቱን ነክተው ያረጋግጡ፤ ከቀዘቀዘዎት ገና እርጥብ ነው። በበጋ ብዙ አያስጠብቅም፤ በሐምሌ ጭጋግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ለሰማይና ለጉም ዘዴውን አልመክርም፤ እዚያ ከወረቀቱ ንጣት የሚመጣው ብርሃን በጉዋሹ ይታፈናል።