አንድ ግራዋ ሥር ግማሽ ሰዓት

መጀመሪያ ጊዜ ከእህቴ ልጅ ጋር እንጦጦ የወጣን ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጓዝን። ያየነው አንድ ቢራቢሮ ነው፤ እሱም ሲሸሽ። «አጎቴ፣ ነፍሳት እኮ የሉም» አለችኝ። ሞልተዋል። እግራችን ነው ያላሳየን።

ስለዚህ ብዙ አትሂዱ። መስከረምና ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አባርቶ አበባው ፈክቷል። ማልዶ መነሳት አያስፈልግም። ደጋ ላይ ብዙዎቹ ነፍሳት ፀሐይ ሳያገኙ ብዙም አይንቀሳቀሱም፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ብትደርሱ ይበቃል። ባሕር ዛፉን እለፉት። መንገድ ዳር ያለ ግራዋ ወይም የሰው ጓሮ ጎመን ይሻላል።

ለጋውን ቀንበጥ ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የምትመጥጥ ደቃቅ ነፍሳት) ካለበት ገበያው እዚያ ነው። አሁን ቁጭ በሉና ማን ሊበላት እንደመጣ ፈልጉ። ቀይዋን ባለ ጥቁር ነጠብጣብ ጢንዚዛ ሁሉም ያውቃታል። እጯን ግን ብዙ ሰው አያውቃትም፤ ጠቆር ያለች፣ ሸካራ፣ የጣት ጥፍር የማትሞላ አዞ ነው የምትመስለው። የእህቴ ልጅ «ይቺ መጥፎዋ ናት» ብላ ልታራግፋት ስትል እጇን ያዝኩት። እጯ አንዷን ክሽክሽ ነክሳ ከግንዱ ነቀለቻት። እግሮቿ አየር ላይ ይፍጨረጨራሉ። ጎረቤቶቿ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጭማቂያቸውን ይመጥጣሉ!

ጉንዳን ካለ ነገሩ ሌላ ነው። ክሽክሽ የምታወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልስ እንደ ከብቱ ይጠብቃታል፤ ጢንዚዛዋ ስትጠጋ ያባርራታል። በእንጨት አትነካኩት። እኔ ነካክቼ መንገድ ላይ ሱሪዬን ላወልቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አብጣ፣ ቡናማ ሆና፣ ደርቃ የቀረች ክሽክሽ ካገኛችሁ ጀርባዋ ላይ ክብ ቀዳዳ ፈልጉ። ደቃቅ ተርብ እንቁላሏን ውስጧ ጥላ ነበር። የተርቧ እጭ ከውስጥ በልቶ፣ እዚያው አድጎ ተርብ ሆኖ፣ በስቶ ወጥቷል።

አደይ አበባው ላይ ሸረሪት አትርሱ። ስምንት እግር ስላላት ከነፍሳት አትቆጠርም፣ ግን ማን ይተዋታል? ድር የማትዘረጋ አለች፤ የፊት እግሮቿን ከፍታ አበባው ላይ ታደባለች። ቀለሟ ከአበባው ጋር ስለሚመሳሰል እሷን መፈለግ ያደክማል። ይልቅ ንቧን እዩ። አርፋ ሳትነሳ የቆየች ንብ ካለች፣ ከሥሯ የያዛት አለ።

አሮጌ ነጭ ነጠላ ይዛችሁ ከሆነ (እናታችሁን ጠይቁ) ከቁጥቋጦው ሥር አንጥፉና ቅርንጫፉን አራግፉ። ይህን ግን ልትሄዱ ስትሉ አድርጉት፤ ከተራገፈ በኋላ የሚታይ አደን የለም።

ማን ማንን እንደበላ ወዲያው ጻፉ፣ ቤት ስትደርሱ ይጠፋችኋል። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ጥቅምት ውስጥ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «አዞዋ። 20 ደቂቃ። 4 ክሽክሽ። አጎቴ ራበኝ አለ።»